የጋራ ሜዳ ሒሳብ

አንድ የሣር ሜዳ በሳምንት ስንት ግጥሚያ ይችላል? ጥያቄው የልጅ ጥያቄ ይመስላል። ነገር ግን አንድ አነስተኛ ዩኒቨርሲቲ የእግር ኳስ ሜዳውን ከአካባቢው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ጋራ አብሮ እንዲሠራበት በታሰበ ጊዜ፣ ክርክሩ ሁሉ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው በዚህ ላይ ነው። አንደኛው ወገን «ሜዳው የመንግሥት ሀብት ነው፤ የመንግሥት ሀብትም የሕዝብ ነው፤ ስለዚህ በሩ ይከፈት» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ሜዳው ለዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች የተሠራ ነው፤ ሁሉም ከረገጠው ለማንም አይሆንም» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ሁለቱም ግን አልቈጠሩም። እኔ በዚህ ጽሑፍ ለመቍጠር እሞክራለሁ። የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ስለ ሒሳብ ሲጽፍ የሚሥቅ ወዳጅ ቢኖር፣ ነገሩ ከመደመርና ከማባዛት አያልፍምና አይስጋ።

ለምሳሌ ወረታን እወስዳለሁ። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ መቀመጫው ከወረታ ወደ ምሥራቅ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በደጋው በደብረ ታቦር መሆኑን አንባቢ ያውቃል። እኛ ግን ለትምህርቱ ያህል፣ አንድ አነስተኛ ዩኒቨርሲቲ በወረታ አጠገብ፣ በፎገራ ሜዳ ላይ፣ አንድ የእግር ኳስ ሜዳ አለው፤ ሦስት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም አብረውት ይጠቀሙበታል ብለን እናስብ። ወረታን የመረጥሁት የእግር ኳስን ነገር ከባድ የሚያደርጉት ሁለቱ ጌቶች፣ ውኃና አፈር፣ በዚያ ሥፍራ ፊት ለፊት ስለሚታዩ ነው። በወረታ የሠራ ሒሳብ በሌላውም ቦታ ሳይሠራ አይቀርም።

ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ የደብረ ታቦርና የወልዲያ መንገድ በሚገነጠልበት ላይ የተቈረቈረች ከተማ ናት። ፎገራ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የተዘረጋ ሜዳ ነው። የሐይቁ ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ 1,786 ሜትር ያህል ሲሆን፣ የወረታ አካባቢም ከ1,800 ሜትር ብዙ አይርቅም። ይህም ማለት ውኃው የሚወርድበት ቁልቁለት የለውም ማለት ነው። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ተነሥተው ደለል ተሸክመው ይመጣሉ፤ ከሜዳው ሲደርሱም ይሰንፋሉ፤ በክረምትም ከዳርቻቸው ወጥተው ይተኛሉ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰው ጎርፍ በፎገራና በሊቦ ከምከም ብዙ ቤተ ሰብ ከቤቱ ያፈናቀለ ነበር። ለሰው መከራ የሆነው ይኸው ውኃ ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ለሩዝ በረከት ሆኖ፣ ዛሬ ፎገራ ሲባል በቅድሚያ የሚታሰበው ሩዝ ሆኗል። ቀድሞ በስሙ ይጠራ የነበረው የፎገራ ከብት ነበር። ከብቱ የሚሰማራበት የወል ግጦሽ እየታረሰ ሩዝ ሲሆን፣ የልጆች የኳስ ሜዳም አብሮ ታረሰ። ስለዚህ ልጆቹ የሚጫወቱት ሩዙ በኅዳርና በታኅሣሥ ከታጨደ በኋላ በቃርሚያው ላይ ነው፤ እርሱም ገበሬው በእርጥበቱ ጓያ ወይም ሽምብራ ካልዘራበት ነው። እንግዲህ የዩኒቨርሲቲው አጥር በር ለምን እንደሚንኳኳ ከዚህ ይታወቃል፤ ልጆቹ ጥጋብ ይዟቸው አይደለም፤ ቦታ ስለጠፋ ነው።

አሁን ወደ አፈሩ እንምጣ። የፎገራ አፈር ዋልካ ነው። የአፈር ሊቃውንት «ቨርቲሶል» ይሉታል፤ ቃሉም «መገልበጥ» ከሚል የላቲን ግሥ የመጣ ነው። ከመቶው 30 እጅና ከዚያ በላይ ሸክላ አለበት፤ ሸክላውም ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኰማተራል። በበጋ ይሰነጠቃል፤ ከላይ ያለው ብናኝ ወደ ስንጥቁ ይወርዳል፤ ዝናም ሲመጣ ከታች ያለው አብጦ የወረደውን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ እንዲህ እያለ መሬቱ ራሱን በራሱ ያርሳል። ገበሬ ለዚህ ነገር የላቲን ቃል አያስፈልገውም፤ በበሬው እግር ያውቀዋል። ለእግር ኳስ ግን ከዚህ የከፋ አልጋ አይገኝም። በነሐሴ ኳሱ ተጣብቆ ይቀራል፤ በሚያዝያ ደግሞ የተጫዋቹ ቍርጭምጭሚት በስንጥቁ ውስጥ ይገባል። 7.32 ሜትር ስፋትና 2.44 ሜትር ከፍታ ያለው የጐል ቋሚም መሠረቱ ጥልቅ ካልሆነ፣ ከዓመት ዓመት እየተገፋ ያዘነብላል። የወረታ ሰው ያዘነበለ የአጥር እንጨት ሲያይ አይደነቅም፤ ያዘነበለ ጐል ግን ዳኛውን ያስቸግራል።

መድኃኒቱ አሸዋ አምጥቶ ከዋልካው ጋራ ማቡካት የሚመስለው ብዙ ነው። ይህ ከንቱ ድካም ነው፤ ጥቂት አሸዋ በብዙ ሸክላ ውስጥ ሲገባ ጡብ እንጂ ሜዳ አይሆንም። የሚረዳው ውኃው የሚሄድበትን መንገድ ማበጀት ነው። የሜዳውን መኻል ከዳሩ ከፍ ማድረግ፣ በአራቱም ማዕዘን ቦይ መቈፈር፣ በሜዳውም ውስጥ ቀጫጭን ቦዮች ቈፍሮ በጠጠርና በአሸዋ ሞልቶ መዝጋት ይበቃል። በሰሜን ሸዋ የእነዋሪ ገበሬዎች ዋልካውን በእጃቸው እየደለደሉ ሰፊ መደብና ቦይ በማበጀት ውኃውን ሲያስወጡ የኖሩ ናቸው። በኋላም ተመራማሪዎች ማረሻን አሻሽለው ይህንኑ ሥራ በበሬ እንዲሠራ አድርገዋል። የስንዴን ሥር ከመበስበስ ያዳነ ጥበብ የኳስ ሜዳን አያድንም የሚያሰኝ ምክንያት አላየሁም።

ስለ ሣሩም ጥቂት ቃል ልናገር። በዓለም ሞቃት አገሮች ብዙ ገንዘብ ወጥቶባቸው በስታዲየም የሚነጠፉት ሣሮች አብዛኞቹ የእኛው ሰርዶና የሰርዶ ዲቃሎች ናቸው። ሰርዶ ከመሬት በላይም ከመሬት በታችም እየተሳበ የሚራባ፣ ሲረገጥ የሚተኛ፣ ሲቈረጥ የሚያቈጠቍጥ ሣር ነው። ገበሬ ከእርሻው ነቅሎ ሊጨርሰው ስላልቻለ እንደ ጠላት ይቈጥረዋል፤ ያው ጠባዩ ለኳስ ሜዳ በረከት ነው። በበጋ ቢጫ ቢሆንም አልሞተም፤ ሥሩ እርጥበት እየጠበቀ ነው። ይሁን እንጂ ሰርዶም ቢሆን ለመዳን ቀን ይፈልጋል። በተረገጠ ቍስል ላይ ሳያገግም ደግሞ ቢረገጥ፣ ሥሩ ይታፈናል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ባዶ ዋልካ ነው።

አሁን መቍጠር እንችላለን። በእንግሊዝ አገር የስፖርት መሥሪያ ቤቱ ለከተሞች ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ለአዋቂዎች የሚሆን የሣር ሜዳ ጥሩ ከሆነ በሳምንት 3 ግጥሚያ፣ መካከለኛ ከሆነ 2፣ ደካማ ከሆነ 1 ብቻ ይችላል ተብሎ ይታሰባል። ልምምድም ሜዳውን የሚረግጥ በመሆኑ ከዚሁ ላይ ይታሰባል። የእኛ ሣርና የእኛ ዝናም ከእነርሱ የተለየ ስለሆነ ቍጥሩን እንደ ሕግ አልወስደውም፤ ነገር ግን ከባዶ ግምት ይሻላል። የወረታው ሜዳ ቦይ ተበጅቶለት፣ ሰርዶው ይዞ፣ ጥሩ ከሚባለው ደረጃ ደረሰ እንበል። እንግዲህ 3 ግጥሚያ አለን።

ፈላጊዎቹ ስንት ናቸው? ሦስቱ ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲው እያንዳንዳቸው የወንድና የሴት ቡድን ቢኖራቸው ስምንት ቡድን ይሆናል። እያንዳንዱ ቡድን በሳምንት ሁለት ቀን ልምምድ ቢፈልግ 16 ልምምድ ነው። ግጥሚያውን በተመለከተ፣ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ከሃያ ሁለት ዓመት ጐልማሳ ጋራ እንዲጋጠም አይገባምና፣ ትምህርት ቤቶቹ እርስ በርሳቸው፣ የዩኒቨርሲቲውም ተማሪዎች በፋኩልቲ ተከፍለው ይጫወታሉ። ስለዚህ አንድ የትምህርት ቤት ወንዶች፣ አንድ የትምህርት ቤት ሴቶች፣ አንድ የዩኒቨርሲቲ ወንዶች፣ አንድ የዩኒቨርሲቲ ሴቶች፣ በጠቅላላው 4 ግጥሚያ ይሆናል። ከልምምዱ ጋራ ሲደመር 20። ሜዳው የሚችለው 3። የስፖርት ክፍለ ጊዜውን ገና አልቈጠርሁም።

ከዚህ የሚወጣው የመጀመሪያ ፍርድ ግልጽ ነው፤ ልምምድ ከዚህ ሜዳ ላይ ይውጣ። የዩኒቨርሲቲውም ቡድን ቢሆን። ይህን ስናገር የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቼ እንደሚቈጡ አውቃለሁ፤ ግን ትምህርት ቤቶቹን «ሜዳውን ታበላሹታላችሁ» እያሉ ከልክሎ፣ ራስን በየማታው በዚያው ላይ ሲሮጡ መዋል ሒሳብ አይደለም። ለልምምድ ሣር የሌለበት ጠንካራ መሬት ይበቃል። በየትምህርት ቤቱ ግቢ ያለው ባዶ ቦታ በድንጋይ ምልክት ተደርጎ ሊሠራበት ይችላል። ሜዳውንም አጥብቆ የሚጐዳው በሁለቱ ጐሎች ፊትና በመኻሉ ክብ የሚደረገው መመላለስ ስለሆነ፣ ቦታው የሚበቃ ከሆነ መሥመሩን በየዓመቱ ጥቂት ሜትር ወደ ጐን ማዛወር ቍስሉን ያሳርፋል።

ሁለተኛው ፍርድ ይከብዳል። አራት ግጥሚያ አለ፤ ቦታው ሦስት ነው፤ አንዱ ይወጣል። የትኛው? ያልተጻፈው ልማድ መልሱን አስቀድሞ ያውቀዋል፤ የሴቶቹ ይወጣል። ማንም ስብሰባ ተቀምጦ ይህን አይወስንም። «ለዛሬ ይቅርባቸው» ይባላል፤ ቀጥሎም ሰዓቱ ወደ ማታ ይገፋል፤ ከዚያ «ሴቶቹ ራሳቸው አይመጡም» ተብሎ በመዝገብ ይጻፋል። እንዴት ይምጡ? ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ አጥር ጥግ ለጥግ ወደ ኪራይ ቤቷ የምትሄድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ፣ ጨዋታው ቢያስደስታት እንኳ የቤተ ሰቧን ፈቃድ አታገኝም። እኔ ሜዳ የጋራ ሆነ የምለው በሩ ሲከፈት አይደለም፤ የደካማው ሰዓት ማንም ሊነካው የማይችል ሆኖ ሲጻፍ ነው። ስለዚህ አራቱ ግጥሚያዎች በየተራ ይረፉ፤ በአራት ሳምንት ውስጥ እያንዳንዱ ሦስት ጊዜ ይጫወት፣ አንድ ጊዜ ይቅር። የዩኒቨርሲቲው ወንዶች ተራቸው ሲደርስ እንደ ሌላው ይቀራሉ። የሴቶቹም ግጥሚያ ከቀኑ በ9 ሰዓት ተኩል ተጀምሮ ከ11 ሰዓት ተኩል በፊት ይለቅ።

ቀኖቹን ስንመድብ ደግሞ የሌላውን አገር ልማድ እንዳለ መገልበጥ የለብንም። በአሜሪካ የእነርሱ እግር ኳስ ዓርብ ማታ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች፣ ቅዳሜ የዩኒቨርሲቲዎች፣ እሑድ የባለሙያዎቹ ነው ተብሎ ከቈየ ረዥም ጊዜ ሆኖታል። ይህ ልማድ እስከ ሕግ ደርሷል። እ.አ.አ. በ1961 ዓ.ም. የወጣው የስፖርት ሥርጭት ሕግ፣ የባለሙያዎቹ ማኅበር በአንድነት ሆኖ የቴሌቪዥን ውል እንዲዋዋል ሲፈቅድለት፣ በመጸው ወራት ዓርብ ማታና ቅዳሜ ኮሌጆች በሚጫወቱበት አካባቢ፣ ይኸውም እስከ 75 ማይል ወይም 120 ኪሎ ሜትር ርቀት ድረስ፣ ጨዋታውን እንዳያሠራጭ ወሰን አበጅቷል። ጉልበተኛው የደካማውን ተመልካች እንዳይወስድበት ቀኑን በሕግ አጠሩለት ማለት ነው። ሐሳቡን እንውሰድ፤ ቀኑን ግን አንውሰድ። ምክንያቱም በእኛ አገር ከገጠር መጥቶ በከተማ ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ፣ ዓርብ ከትምህርት በኋላ ስንቁን ሊያመጣ ወደ አገሩ ይወርዳል፤ እሑድ ማታ ጤፉን ወይም ሽሮውን ተሸክሞ ይመለሳል። የቅዳሜ ግጥሚያ ለእርሱ የተዘጋ በር ነው፤ ቡድኑም የከተማ ልጆች ብቻ ይሆናል። የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ግን በግቢው ውስጥ የሚያድር ነው፤ ቅዳሜም እዚያው ነው። እንግዲያው የሥራ ቀኖቹ፣ ማክሰኞና ሐሙስ፣ ለትምህርት ቤቶቹ ይሁኑ፤ ቅዳሜ ጧትና ከሰዓት በኋላ ለዩኒቨርሲቲው ይሁን። እሑድና ሰኞ ሜዳው ይረፍ። ሰንበት ለሣርም ያስፈልገዋል።

«ሣር በቀጠሮ ይረገጣልን? እኛ አገር ይህን ማን ይጠብቃል?» የሚል ሰው አይታጣም። ለዚህ ሰው በመንዝ ያለውን የጓሳን ምድር አሳየዋለሁ። በዚያ ደጋ የቤት ክዳን የሚሆነው የጓሳ ሣርና ግጦሹ የወል ነበር፤ «ቄሮ» በሚባል ሥርዓትም ለብዙ መቶ ዓመት ተጠብቆ ኖሯል። ሽማግሎች ምድሩን ለዓመታት ይዘጉታል፤ ሣሩ ሲደርስ በተወሰነ ጊዜ ይከፍቱታል፤ በተዘጋበት የገባ ይቀጣል። ሥርዓቱ የተናጋው ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ነው፤ ሆኖም የአካባቢው ሕዝብ በኋላ በአዲስ መልክ አደራጅቶ ጓሳውን እስከ ዛሬ ይጠብቃል። ሣርን በቀጠሮ መዝጋትና መክፈት ከውጭ አገር የሚመጣ ጥበብ አይደለም።

ቍጥር ሲጠፋ ምን እንደሚመጣ ለማየትም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በአዲስ አበባ በስድስት ኪሎው ዩኒቨርሲቲ ጐረቤት ያለው ጃን ሜዳ፣ የጥምቀት ማደሪያ፣ የአገር አቋራጭ ሩጫ መወዳደሪያ፣ የተማሪዎችና የሠፈር ልጆች ኳስ ሜዳ ሆኖ ኖሯል። በ2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት የፒያሳው አትክልት ተራ ወደዚያ ተዛወረ፤ ክረምት ሲገባም ሜዳው በመኪናና በሰው እግር ተቦክቶ ጭቃ ሆነ፤ ለ2013 ዓ.ም. ጥምቀትም ገበያው ተነሥቶ ቦታው መጠረግ ግድ ሆነ። ውሳኔው በጭንቅ ጊዜ የተደረገ ነውና አልወቅሰውም፤ ግን አንድ ሜዳ በጥቂት ወር ምን ያህል እንደሚጠፋ ያሳያል። ከወረታ በአንድ ሰዓት መንገድ ያለው የባሕር ዳሩ ታላቅ ስታዲየምም ሌላ ትምህርት አለው። ሕንጻው የብዙ አሥር ሺሕ ተመልካች መቀመጫ ያለው ሆኖ ሳለ፣ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን መመዘኛውን አያሟላም ስላለ፣ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ጋናን «በሜዳው» የተቀበለው በጆሃንስበርግ ነበር። ሲሚንቶ ማቆም አንድ ነገር ነው፤ ሜዳን ከዓመት ዓመት መጠበቅ ሌላ ነገር ነው። አነስተኛ ዩኒቨርሲቲ ገንዘብ ቢያገኝ መጀመሪያ መቀመጫ ልሥራ ይላል፤ እኔ ግን ቦዩን ይሥራ እላለሁ።

የውኃውን ወጪ ደግሞ እናስላ። ሜዳው 105 በ68 ሜትር ቢሆን ስፋቱ 7,140 ካሬ ሜትር ነው። በበጋ በሳምንት ሁለት ሣንቲ ሜትር ተኩል ውኃ ይጠጣ ብንል 178,500 ሊትር ያስፈልገዋል፤ በ20 ሊትር ጀሪካን ሲቈጠር 8,925 ጀሪካን መሆኑ ነው። ሴቶች ለመጠጥ ውኃ በሚሰለፉበት ከተማ ይህን ያህል ከቧንቧ ቀድቶ ለሣር ማፍሰስ ነውር ነው፤ ማንም ቢጠይቀኝ ከዚህ ቃል አልመለስም። ነገር ግን በፎገራ የከርሰ ምድር ውኃ ቅርብ ነው፤ ገበሬዎች ከጕድጓድ በሞተር እየሳቡ ሽንኩርት ያለሙበታል። በሜዳው ዳር አንድ ጕድጓድ ተቈፍሮ ስንጥቁ እንዳይሰፋ ያህል ብቻ ማጠጣት ይቻላል። የቀረውን ሰርዶው ራሱ ይችለዋል፤ ቢጫ ሜዳ ላይ መጫወት አያሳፍርም።

ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ በአራቱም ተቋማት ፊርማ ይጽና፤ አንዳንድ ቅጅ በየትምህርት ቤቱ ይቀመጥ። በቃል የተሰጠ ፈቃድ የሰጠው ሰው ሲዛወር አብሮ ይዛወራል። ትምህርት ቤቶቹም በገንዘብ ሳይሆን በሥራ ይክፈሉ፤ ቦይ መጥረግ፣ ሣር ማጨድ፣ መሥመር ማስመር ለተማሪ የሚከብድ ሥራ አይደለም። ዘበኛው አንድ ደብተር ይያዝ፤ ቀኑን፣ ዝናም መዝነቡን፣ ማን እንደተጫወተ፣ የማን ተራ እንደታለፈ ይጻፍበት። ዝናም የዘነበ ዕለት ግጥሚያው ይቅር፤ በርጥብ ዋልካ ላይ የሚደረግ አንድ ግጥሚያ በደረቁ ከሚደረጉ ከብዙዎቹ ይልቅ ይጐዳል።

ጨዋታው በኅዳር ይጀመር፣ በግንቦት መጨረሻ ይዘጋ። በሰኔ የመጀመሪያው ዝናም መሬቱን ሲያርሰው፣ የአራቱም ተማሪዎች መጥተው ከሜዳው ዳርና ከቦዩ አፋፍ ሰርዶ ይንቀሉ፤ በጐሎቹ ፊትና በመኻሉ ክብ፣ አፈሩ በተገለጠበት ሁሉ፣ በጣት ርዝመት እየቈረጡ ይትከሉት። ከዚያ በኋላ በሩ ይዘጋ፤ ለበሬም ለሰውም። የማጠጣቱን ሥራ ክረምቱ ይሠራዋል። በጥቅምት ውኃው ሲሸሽ ዘበኛው ደብተሩን ይዞ ይግባና የያዘውንና ያልያዘውን ቦታ አይቶ ይጻፍ፤ የኅዳር የመጀመሪያው ሳምንት ተራ ለማን እንደሚሆንም ካለፈው ዓመት ገጽ ላይ ያንብብ።